የባሩድ መስፈሪያ አመራረጥና የአደጋን ምክንያት ለይቶ ስለ ማወቅ

(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ አንድን መሣሪያ «ለዚህ ሥራ ይስማማል» ብሎ ሲፈርም ሁለት ጥያቄዎችን መልሷል ማለት ነው። አንደኛው መሣሪያው ሥራውን ይሠራል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራውን ሲሠራ ሰውን ይጎዳል ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በሙከራ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በሺህ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ አደጋ ሲኖር፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በሰላም መሠራቱ ለደኅንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልምና። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው የባሩድ መስፈሪያ በመጠኑ ትንሽ፣ በአሠራሩም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከብዙ ታላላቅ መሣሪያዎች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

በአሜሪካና በአውሮፓ በ19ኛው መቶ ዓመት በተሠሩ፣ ወይም በእነርሱ አምሳል በተሠሩ ጠመንጃዎች የሚያድኑና ዒላማ የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የተተኮሰውን ቀለሃ ሰብስበው፣ አጽድተው፣ አዲስ ካፕሱል ከቂጡ ገጥመው፣ ጥቁር ባሩድ ሰፍረው፣ በላዩ አረር አስቀምጠው እንደገና ይጠቀሙበታል። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ይህ የታወቀ የእጅ ሥራ ነው። ጠመንጃዎቹም ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደሉም። ሕዝቡ «ሰናድር» ያለው ጠመንጃ በ1860 ዓ/ም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው ነው። «ውጅግራ» የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ሲሆን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ/ም በዓድዋ ከኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ነበር። የውጅግራ ጥይት 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ይይዝ ነበር። ጥይቱ በዚያ ዘመን በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበረም ይታወቃል።

ለዚህ ንግግር ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው ግን የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው፣ «አርባ አምስት ሰባ» የሚባለው ጥይት ነው። አርባ አምስቱ የአረሩን ስፋት በኢንች መቶኛ ሲያመለክት፣ ሰባው የባሩዱን ክብደት በግሬይን ያመለክታል። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬይን ስለሆነ 70 ግሬይን ወደ 4.54 ግራም ይደርሳል። መስፈሪያው በየቀለሃው የሚያወርደው ይህን ያህል ነው። ሰፋሪው በአንድ መቀመጫ መቶ ቀለሃ ቢሞላ 454 ግራም ወይም አንድ ፓውንድ ባሩድ ከፊቱ በእጁ ያልፋል።

ሀ. የጥቁር ባሩድ ጠባይ

ጥቁር ባሩድ የፖታስየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው። ዛሬ በአብዛኛው ጠመንጃ ከሚተኮሰው ጢስ አልባ ባሩድ የሚለየው በጢሱ ብቻ አይደለም። ጢስ አልባው ባሩድ በገላጣ ቦታ ሲለኮስ ዝግ ብሎ ይነዳል፤ በታመቀ ቦታ ግን ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር የመንደድ ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል። ጥቁር ባሩድ በአንፃሩ በገላጣ ቦታም ቢሆን ነበልባሉ ከፍሬ ወደ ፍሬ እየዘለለ ክምሩን በቅጽበት ያዳርሰዋል። ለመለኮስም ከጢስ አልባው የበለጠ ቀላል ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ምደባ ጥቁር ባሩድ ከሚፈነዱት ነገሮች በመጀመሪያው ክፍል፣ ማለት በ1.1 ሥር የተመደበውም ስለዚህ ነው።

የሚወጣውን ኃይል በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ኖብልና አቤል የተባሉት የእንግሊዝ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1875 ባወጡት የምርምር ጽሑፍ እንደታየው፣ ከባሩዱ ክብደት ከግማሽ የሚያንሰው ጋዝ ሲሆን ቀሪው ጢስና አመድ ሆኖ ይቀራል። አንድ ግራም ባሩድ የሚሰጠው ጋዝ በቀዝቃዛ ሁኔታ ሲለካ ወደ 280 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይደርሳል። እንግዲህ በመስፈሪያ ቋት ውስጥ ያለ 100 ግራም ባሩድ 28 ሊትር ጋዝ ይሰጣል ማለት ነው። ጋዙ በሚወለድበት ጊዜ ያለው ሙቀት ደግሞ ይህን መጠን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰፋሪው ፊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

ለ. የኤሌክትሪክ ብልጭታ ጉዳይ

ስለ መስፈሪያ አመራረጥ ሲነሣ ዘወትር በቅድሚያ የሚሰማው ምክር «ቋቱ ፕላስቲክ የሆነ መስፈሪያ ለጥቁር ባሩድ አይሁን» የሚል ነው። ምክንያት ተብሎ የሚሰጠውም ባሩዱ ከፕላስቲኩ ጋር ሲፋተግ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ብልጭታውም ባሩዱን ያቀጣጥለዋል የሚለው ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል።

የሰው አካል ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም በግምት 100 ፒኮፋራድ ነው ቢባልና ሰውየው በደረቅ ወራት በምንጣፍ ላይ ተራምዶ እስከ 10000 ቮልት ቢሞላ፣ ከጣቱ የሚወጣው ብልጭታ 5 ሚሊጁል ኃይል ይኖረዋል። ይህ የቤንዚን ትነት ለማቀጣጠል ከሚበቃው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የጥቁር ባሩድ ፍሬ ግን እንደ ቤንዚን ትነት አይደለም። ብዙው ባሩድ በፋብሪካ በግራፋይት ይለበጣል። ግራፋይት ደግሞ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ብልጭታው በፍሬው ገጽ ላይ ሮጦ ያልፋል፤ የሚቆይበትም ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ፍሬውን እስከሚነድበት ድረስ ለማሞቅ ይሳነዋል። ስለዚህ ደኅና ፍሬ ያለው፣ ግራፋይት የተለበጠ ባሩድ በጣት ብልጭታ ይቀጣጠላል ብሎ መናገር ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው።

ታዲያ ምክሩ ይውደቅ ማለት ነውን? አይደለም። በመጀመሪያ ሁሉም ባሩድ ግራፋይት የተለበጠ አይደለም። ሁለተኛ፣ በቋቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ብቻ ሳይሆን ከፍሬው የተፈረፈረ ዱቄትም ጭምር ነው። ዱቄቱ ከፍሬው በቀለለ ሁኔታ ይቀጣጠላል። ፕላስቲክ ቋት ደግሞ ይህንኑ ዱቄት በስታቲክ ኃይል ስቦ በግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ኤሌክትሪኩ የሚጠራቀምበት ገጽና ለመቀጣጠል የቀለለው ዱቄት የሚከማችበት ገጽ አንድ ይሆናሉ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የተለጠፈው ዱቄት አንድ ጊዜ ተይዞ አንድ ጊዜ ስለሚወርድ ልኩን ያዛባል። ፕላስቲኩን እንዲተው ለማድረግ እነዚህ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቋቱ ከብረታ ብረት ስለተሠራ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ከመሬት ያልተገናኘ ብረት በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲቆም እርሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ያጠራቀመውንም እንደ ፕላስቲክ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ብልጭታ ይሰጠዋል። ስለዚህ የናስ ወይም የአሉሚኒየም መስፈሪያ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ከመቆሚያው በሽቦ ከመሬት ጋር ሲያያዝ ነው። ሰፋሪውም ባሩዱን ወደ ቋቱ ከማፍሰሱ አስቀድሞ ባዶ እጁን በመሣሪያው ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል።

ሐ. ብረት ከብረት ሲፋተግ

የተለመደው መስፈሪያ አሠራሩ ከወፍጮ ቤት ቋት ብዙ አይርቅም። ከላይ ባሩዱ የሚጠራቀምበት ቋት አለ። ከሥሩ የሚሽከረከር ከበሮ አለ። በከበሮው ሆድ ውስጥ መጠኑ የሚሰፋና የሚጠብ ጉድጓድ ተሠርቷል። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ ጉድጓዱ ከቋቱ ይሞላል፤ ወደ ታች ሲመለስ ባሩዱን በቱቦው በኩል ወደ ቀለሃው ያወርዳል። ጉድጓዱ ከቋቱ ሥር ሲያልፍ በአፉ ላይ የቆሙትን ፍሬዎች ጠርዙ ይቆርጣቸዋል። የፍትጊያ ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1802 በአሜሪካ በዴላዌር ግዛት በብራንዲዋይን ወንዝ ዳር የተቋቋመው የዱፖን ባሩድ ፋብሪካ ለዚህ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በዚያ ሠራተኞች ክብሪት ይዘው እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። ጫማቸውም በብረት ምስማር ፋንታ በእንጨት ችንካር ይሰፋ ነበር። ሆኖም በኋላ ዘመን ባሩዱን የሚያላቁጡት መንኮራኩሮች ራሳቸው ከባድ ብረት ነበሩ። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። ግን አይደለም። መንኮራኩሩ በእርጥብ ድብልቅ ላይ ስለሚሄድና ባሩዱ በመካከል ስለሚገባ ብረት ብረትን አይነካም። የተፈራው ብረት በመሆኑ ሳይሆን፣ ብረት ደረቅ ድንጋይን ወይም ሌላ ብረትን ሲመታ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ነበር።

ለመስፈሪያም ሕጉ ይኸው ነው። ከሁለቱ ተፋታጊ አካሎች ቢያንስ አንዱ ብልጭታ የማያወጣ፣ ማለት ናስ መሆን አለበት። ጠርዙ ፍሬን ጨፍልቆ ዱቄት እንዳያበዛ ልስልስ ያለ፣ በከበሮውና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተትም አሸዋ የማያስገባ መሆን ይገባዋል። የደረቀ ዝገትና የአሸዋ ቅንጣት ፍትጊያን ባንድ ነጥብ ላይ ስለሚያከማቹ ከሁሉ ይከፋሉ። እጀታው ቢይዝ በኃይል መግፋት ክልክል ነው። ቋቱን ባዶ አድርጎ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። አይዲያል የተባለው፣ ጆን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1884 በኮኔቲከት ግዛት ያቋቋመው ድርጅት በጥቁር ባሩድ ዘመን በመስፈሪያዎቹ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ላይማን የተባለው ድርጅት ገዛው። ላይማን ቁጥር 55 የሚባለውን መስፈሪያውን ለጥቁር ባሩድ ለይቶ ሲያወጣ ቋቱን ከአሉሚኒየም፣ መለኪያውንም ከናስ ማድረጉ እላይ ከተነገረው ምክንያት ጋር ይስማማል።

መ. የቋቱ መጠንና ክዳን

በብራንዲዋይን ዳር የነበሩት የባሩድ ወፍጮ ቤቶች በሦስት ወገን ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነበራቸው። በወንዙ በኩል ያለው አራተኛው ወገንና ጣሪያው ግን ከቀላል ነገር ይሠራ ነበር። ፍንዳታ ቢደርስ ኃይሉ ወደ ውሃው እንዲወጣ፣ ጎረቤቱን ወፍጮ እንዲተው ታስቦ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1818 በደረሰው ፍንዳታ ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ትምህርቱ ግልጥ ነው። መከላከያ ዘዴው የእሳቱን መነሻ ማጥፋት ብቻ አይደለም፤ እሳቱ ከተነሣ በኋላ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ መገደብም ነው።

በመስፈሪያ ላይ ይህ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው መጠን ነው። አንዳንዱ ቋት ከግማሽ ኪሎ በላይ ይይዛል። ይይዛል ማለት ግን ይሞላ ማለት አይደለም። ለሃያ ቀለሃ 91 ግራም ይበቃል። ያን ያህል ብቻ አፍስሶ፣ የባሩዱን ቆርቆሮ ከድኖና ከጠረጴዛው አርቆ መሥራት፣ አደጋ ቢደርስ እንኳ ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ክዳን ነው። ክዳኑ ከብልጭታና ከአቧራ እንዲጠብቅ ሊኖር ይገባል፤ ነገር ግን በጥርስ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ መሆን የለበትም። የላላ ክዳን ጋዙን ወደ ላይ ያስወጣዋል። የጠበቀ ክዳን ግን ቋቱን ቦምብ ያደርገዋል። ስለዚሁ ሰፋሪው ፊቱን ከቋቱ አናት በላይ አያደርግም፤ መነጽርም ሳያደርግ አይቀመጥም።

ሠ. ብዙ ያልተነገረለት መንገድ

ከዚህ በላይ ስለ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ብዙ ሲነገር፣ በመስፈሪያው አጠገብ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለመቀጣጠል የቀለለው ካፕሱሉ መሆኑ ሲረሳ ይታያል። ካፕሱል የተሠራው በአንዲት ምት እንዲነድ ነው። ባሩዱ የሚወርድበት ቀለሃ ደግሞ ካፕሱሉ አስቀድሞ የተገጠመለት ነው። ስለዚህ ከካፕሱሉ እስከ ቀለሃው፣ ከቀለሃው እስከ ቱቦው፣ ከቱቦው እስከ ቋቱ የሚዘልቅ መንገድ አለ። ይህ መንገድ በባሩድ ወይም በዱቄት ከተሞላ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው።

የድሮ ሰዎች ይህን በመከራ ያውቁት ነበር። ከአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ዘመን ከባሩድ ቀንድ በቀጥታ ወደ አፈሙዝ ማፍሰስ የተከለከለው፣ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ፍም ቢኖር ቀንዱን በሙሉ በእጅ ላይ ስለሚያነደው ነው። በመካከል ትንሽ የናስ መስፈሪያ የገባው ለልክ ብቻ ሳይሆን ይህን መንገድ ለመቁረጥም ነበር።

የከበሮ መስፈሪያ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የከበሮው ጉድጓድ ወደ ላይ ሲዞር ቱቦው ከቋቱ ይቆረጣል፤ ወደ ታች ሲዞርም ቋቱ ከቱቦው ይቆረጣል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይገናኙም። ይህ የሚሆነው ግን ከበሮው ካልላላና ክፍተቱ በዱቄት ካልሞላ ብቻ ነው። ስለሆነም ከበሮው የሚንቀጫቀጭ አሮጌ መስፈሪያ ልኩ ትክክል ቢሆንም መጣል አለበት። ካፕሱል የሚገጥም ማሽንና የባሩድ ቋት ባንድ መቆሚያ ላይ አብረው እንዳይቆሙ፤ ቀለሃዎቹም ካፕሱል ከተገጠመላቸው በኋላ በእንጨት መደርደሪያ ተደርድረው ወደ መስፈሪያው ቢመጡ ይሻላል።

ረ. ልክና የባሩድ መቀላቀል

ጥቁር ባሩድ በይዘት እንጂ በክብደት ባይሰፈርም ልኩ ይጠበቃል። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ግራም ይመዝናል ቢባል፣ የመስፈሪያው ጉድጓድ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለ70 ግሬይን 40 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልገዋል። ማስተካከያው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት 1.7 ግሬይን ያህል ይለወጣል። ይህ ለዒላማ ተኳሽ የሚያሳስብ እንጂ ጠመንጃ የሚሰብር አይደለም። በጥቁር ባሩድ ዘንድ ከዚህ የሚከፋው ጉድለት በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍት ቦታ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ባሩዱ በረዥም ቱቦ ወርዶ እንዲረጋ፣ አረሩም በላዩ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ጠመንጃን ከነባለቤቱ የሚያጠፋው ሌላ ስሕተት ነው። ለጥቁር ባሩድ የተስተካከለ መስፈሪያ ውስጥ ጢስ አልባ ባሩድ ቢገባ፣ በዚያው ይዘት የሚወርደው ባሩድ ጥንታዊው ጠመንጃ ሊሸከመው የማይችለውን ግፊት ይፈጥራል። ይህን የሚከላከል ናስም ሆነ አሉሚኒየም የለም። የሚከላከለው ሥርዓት ብቻ ነው፤ ማለት ለጥቁር ባሩድ የተለየ፣ በላዩ በግልጥ የተጻፈበት፣ ለሌላ ባሩድ ከቶ የማይውል መስፈሪያ መያዝ፣ ሥራ ሲያበቃ ቋቱን ባዶ ማድረግ፣ በቋት ውስጥ ተረስቶ የተገኘ ስሙ የማይታወቅ ባሩድ ቢኖር በቀለሃ ፈጽሞ አለመሙላት።

ሰ. መደምደሚያ

እንግዲህ ለጥቁር ባሩድ መስፈሪያ የሚመርጥ ሰው የሚከተሉትን ይጠይቅ። ቋቱ ከናስ ወይም ከአሉሚኒየም ነውን? ከመሬት ጋር ሊያያዝ ይችላልን? ከተፋታጊዎቹ አካሎች አንዱ ናስ ነውን? ከበሮው ሳይላላ ቋቱን ከቱቦው ይቆርጣልን? ክዳኑ ሳይጠብቅ ይከድናልን? ፈትቶ ለመጥረግ ይመቻልን? ለዚህ ባሩድ ብቻ ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላልን? ከነዚህ ለአንዱ እንኳ «አይደለም» የሚል መልስ ያለው መስፈሪያ ዋጋው ቢረክስም ሊገዛ አይገባውም።

ከዚህ አልፎ ለሙያው የሚተርፍ አንድ ነገር አለ። «ፕላስቲክ አይሁን» የሚለው ደንብ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የሚነገርለት ምክንያት ግን የተጋነነ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ደንብ ሁለት አደጋ አለበት። አንዱ ሰው ምክንያቱ ደካማ መሆኑን ሲያውቅ ደንቡን በሙሉ ይጥለዋል። ሌላው ደንቡን ስለጠበቀ ብቻ ከአደጋ ሁሉ የዳነ ይመስለዋል፤ የናስ መስፈሪያ ገዝቶ ቋቱን እስካፉ ሞልቶ ከካፕሱል ማሽን አጠገብ ይቀመጣል። መሐንዲሱ ከሁለቱም መራቅ አለበት። ደንቡን ያለ ምክንያቱ አያስተምር፤ ምክንያቱንም ካልመረመረ አይድገም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው የአገራችን አባባል ስለ ግፍ የተነገረ ቢሆንም በባሩድ መስፈሪያ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። በሰፋሪው እጅ ያለው ጥንቃቄ መጠኑ ሲጎድል የሚከፍለው ሰፋሪው ራሱ ነው።